ከእጅሽ እንዳይወጣ

ቡታጅራ ውስጥ የሴቶች ክፍል የሰርግ ቪዲዮ የምትቀርጽ ሴት አንድ ብቻ የነበረችበት ዘመን ነበር፤ እሷም እኔ ነበርኩ። ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው። ወንዶቹ ካሜራማኖች ከነመብራታቸው በር ላይ ሲቀሩ፣ እኔ ጫማዬን አውልቄ መጋረጃውን ገልጬ እገባ ነበር። የመስቃን ሙስሊም ቤተሰቦች ሲድሩ ሴቶቹ ለብቻቸው የሚሰበሰቡበት ክፍል አለ። እዚያ ሻሽ ይወልቃል፣ ጸጉር ይለቀቃል፣ ገበያ ላይ ቀና ብላ የማታወራ ሴትዮ ከበሮ ይዛ ቤቱን ቀውጢ ታደርገዋለች። እዚያ ክፍል የሆነውን ወንድ አያይም። የቤቱ አባወራም ቢሆን አያይም።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ዘመዶቼ ጥያ አካባቢ ያሉ የሶዶ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም እንግዳ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ የአንዲት ሙሽራ እናት ካሜራዬን አጥፍቼ ስወጣ ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ይሄ ነገር ከእጅሽ እንዳይወጣ።»

«አይወጣም እናቴ።»

«ወላሂ በይ።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ።»

«እንግዲያው በማርያም በይ።»

«በማርያም።»

ሳቁና ክንዴን ለቀቁኝ። እኔም ሳቅሁ። መሐላው ግን ትከሻዬ ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ የሙያችንን ገመና ትንሽ ልግለጥ። በከተማችን ያሉት ቪዲዮ ቤቶች በሙሉ ኤዲት የሚያደርጉበት ፕሮግራም የተሰረቀ ነበር። ሌባ መባል ስለማንወድ ክራክ እንለዋለን። መግዛት ያማረውስ ቢኖር የት ሄዶ፣ በምን ካርድ ይገዛል? ክራኩ ሲሠራ ይሠራል፤ አንድ ቀን ግን ጠዋት ስትከፍተው ጊዜሽ አልፏል ይልሻል። ያኔ መዳኛው አንድ ሰው ነው፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ትልቁን ቪዲዮ ቤት የያዘው። ሲፒዩሽን ነቅለሽ፣ ባጃጅ ላይ ታቅፈሽ ትወስጂለታለሽ። «ይደር» ይላል። ያድራል። አንዳንዴ ሳምንት ይሰነብታል። ውስጡ ያለው ሰርግ ሁሉ አብሮ ያድራል።

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቀልደኛና ለሰው አዛኝ ነው። ቤቱ ግን የወንዶች መዋያ ነው። ጫት ይዘው የተቀመጡት ሁሉ እየሰሙና እያዩ የመጣው ሲፒዩ ይከፈታል፤ «ይሄ ደግሞ የማን ሰርግ ነው?» ይባላል፤ ሙሽራዋም ከነአጃቢዎቿ የማያውቋት ሰዎች ፊት ትዘፍናለች። ይህን ስለማውቅ የሴቶች ክፍል ሥራ ሲኖረኝ ጨርሼ፣ አስረክቤ፣ ከማሽኔ ላይ ደምስሼ ነበር እሱ ዘንድ የምሄደው። ያኔ ግን ዕድሌ ጠመመ። መሐላ የገባሁበትን ሰርግ ግማሽ ላይ ሳደርስ ክራኩ ሞተ።

ባዶ እጄን ሄድኩ።

«ታዲያ ሲፒዩውስ?» አለኝ።

«ማደር አይችልም። ይዤው መጥቼ አጠገብህ ልቀመጥና እያየሁ ሥራልኝ።»

«እህቴ፣ ሰው ትከሻዬ ላይ ከቆመ እጄ አይታዘዘኝም።»

እጁ ሳይሆን ሙያው ነው የቸገረው፤ አንዴ ካየሁ ሁለተኛ እንደማልመጣ ያውቃል። «እንግዲያው አላመጣም» አልኩት።

«እንግዲያው ሙሽራዋን በእርሳስ ሣያት» አለ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔ እንኳ ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን ኮራሁና ወጣሁ።

ስናደድ ነገር አልመርጥም። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ፣ ለሙከራ የሚሰጠውን ቅጂ አውርጄ ጫንኩ። ሠራ! ያወጣልኝ ፊልም ግን ላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ሙሽራዋ ቀና ስትል ግንባሯ ላይ ነው፤ ስታቀረቅር አክሊሏ ላይ። ላጥፋው ብል አልጠፋም አለ። እኔ እዚያው ስታገል የሙሽራዋ አክስት ለቅምሻ ትንሽ ስጪኝ ብለው መጡና እንቢ ብላቸው እንቢ አሉኝ። ሙሽራዋ ብቻዋን ያለችበትን ጥቂት ደቂቃ በዲቪዲ ሰጠኋቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ሁለት እናቶች ደጄን አንኳኩ። የመጡት ሊወቅሱኝ መስሎኝ ነበር።

«የኔም ልጅ ላይ ጻፊልኝ» አለችኝ አንደኛዋ። «እንደ ቴሌቪዥን ያለውን። ከነዚያ ልጅ የኔ በምን ታንሳለች?»

አስረዳሁ፤ አልሰማ አለች። ፊደሉን ወረቀት ላይ አስገልብጣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሰውዬ ዘንድ ሄደች። እሱ ምን እንደሚል ማንበብ ይችላል። «ያው ራሱ ይሁን» ስላለችው ግን፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው ብሎ ያንኑ ቃል በወርቃማ ፊደል ጻፈላት። ያን ሰሞን ቡታጅራ ውስጥ የተዳረ ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ ተጽፎበት ነው የወጣው።

የኔዋ ሙሽራ ግን ተማሪ ነበረች። እየተንደረደረች መጣች።

«ምን እንደሚል አንብበሽዋል? ያልተመዘገበ ነው የሚለው! ኒካሕ ታስሮልኝ፣ ሽማግሌ ተቀምጦልኝ፣ አባቴ መርቆኝ፣ አንቺ ግንባሬ ላይ ያልተመዘገበ ብለሽ ለጠፍሽብኝ!»

ሁለታችንም ወንበር እስክንይዝ ሳቅን። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እኔ ጭፈራው አይደለም የሚያጓጓኝ» አለች። «እናቴ ያን ቀን ስትመርቀኝ አልሰማኋትም። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ መስኮቱ ስር ይጮኻል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ከንፈሯን ብቻ ነው ያየሁት። ድገሚልኝ ብላት ምርቃት አይደገምም አለችኝ። አንቺ ጋ አለ አይደል?»

እኔ ጋ አለ። ባሏ መርካቶ ነው የሚነግደው፤ ወሩ ሲያልቅ ይዟት ይሄዳል። ከመሄዷ በፊት ሴቶቹ ተሰብስበው ፊልሙን እንዲያዩ ቀን ተቆርጧል። ምርቃቱ ያለበትን ቦታ ከፍቼ ሰማሁት፤ ጄኔሬተር ነው የሚመርቀው። ያኔ በእውነት ፈራሁ።

ወልቂጤ ኮምፒውተር የምታስተምር አንድ ጓደኛ አለችኝ፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። ደወልኩላትና ከላይ እስከ ታች ነገርኳት።

«ነጻ ሶፍትዌር ለምን አትሞክሪም?» አለች። በየአገሩ ያሉ፣ እርስ በርስ እንኳ የማይተዋወቁ ሰዎች ሠርተው ለሁሉም የለቀቁት ነው አለችኝ። የፈለገ ይጭነዋል፣ ያወቀ ውስጡን ከፍቶ ያስተካክለዋል፣ ለጎረቤቱም ያካፍለዋል።

«ነጻ? አንቺ ጉራጌ አይደለሽም እንዴ? መርካቶ ውስጥ ነጻ የሚባል ዕቃ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዋጋው ይቅርብሽ። የማንንም ደጅ አትጠኚም ነው የምልሽ።»

ይህች ቃል ገባችኝ። የዚያን ሰውዬ ደጅ ስንት ጊዜ እንደጠናሁ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሲፒዩውን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በአረቅጥ በኩል በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደጋው ጉም ውጦታል፤ ከመንገዱ ዳር የእንሰቱ ቅጠል ብቻ ብቅ ይላል። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጋቢውን አዩና «ልጅ ነው እንዴ? እንዳይታፈን» አሉኝ። «የአደራ ነው አባቴ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር እሳቸውም ከወዲያ በኩል ይደግፉልኝ ነበር።

ወልቂጤ ቅዳሜና እሁዱን ተቀመጥኩ። አዲሱን ፕሮግራም ጫንን። መጀመሪያ ያገኘሁት መርዶ ነው፤ በክራኩ የጀመርኩት ሥራ አይከፈትም። ያን ሁሉ ቀን የቆረጥኩትና የቀጠልኩት ገደል ገባ። ከካሜራው የገለበጥኩት ጥሬው ቪዲዮ ግን ምንም አልሆነም። አለቀስኩ፤ ተሳደብኩ፤ ጓደኛዬ ሽሮ ሠርታ አበላችኝ፤ ከሀ ጀመርኩ። ቁልፎቹ ቦታቸው ተቀያይሮ መጀመሪያ ላይ የሰው ወጥ ቤት የገባሁ ያህል ነበር፤ ጨው የቱ ጋ እንዳለ አላውቅም። እሁድ ረፋዱ ላይ እጄ ለመደው።

ድምፁ ቀረ። ጓደኛዬ ሌላ፣ ለድምፅ ብቻ የተሠራ ነጻ ፕሮግራም ከፈተች። ድምፁ ስክሪኑ ላይ በመስመር ተሥሎ፣ እንደታረሰ መሬት ከፍ ዝቅ እያለ ተዘረጋ። ማንም ሳይናገር ጄኔሬተሩ ብቻ የሚያጉረመርምበትን አንድ ቁራጭ አገኘችና መረጠችው።

«ይሄን ነው የማልፈልገው ብለሽ ንገሪው» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለፕሮግራሙ! እዚህ ተጫኚ።»

ተጫንኩ። ከዚያ መላውን ድምፅ መረጥንና ያንን ጉርምርምታ ከሁሉም ላይ እንዲያነሳው አዘዝነው። መልሰን ስንከፍተው መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ የሙሽራዋ እናት ድምፅ ብቻውን፣ ትንሽ ሰልሎ፣ እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ መጣ። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ከዚያ እንዴት እንደጮህን አልነግራችሁም፤ አከራይዋ ሌባ ገባ ብለው ዱላ ይዘው መጡ።

ቀኑ ደረሰ። ያው የሴቶቹ ክፍል ነው፤ ያው መጋረጃ። ጭፈራው ሲታይ ራሳቸውን እያዩ ተንከተከቱ፤ አክስትየው ብቻ «ጽሑፉስ?» ብለው ተከፉ። ከዚያ ምርቃቱ መጣ። እናትየው ልጃቸውን በቋንቋቸው ነበር የመረቋት፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፤ «የገባሽበት ቤት ይስፋልሽ። የወለድሽው ይደግልሽ። ስትመጪ በር አታንኳኪ፤ እኔ እስካለሁ ክፍት ነው።»  ሙሽራዋ ተነስታ እናቷ ጭን ላይ ወደቀች። እሳቸው ቴሌቪዥኑን ትተው እሷን ነው የሚያዩት። እልልታው ሲነሳ እኔ ካሜራ እንኳ አልያዝኩም፤ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራው በሱ ነው።

ስንወጣ እናትየው ጠየቁኝ፤ «ማን አየው?»

«እኔና አንዲት ሴት ጓደኛዬ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ታዲያ አንቺ ብቻሽን እስከ መቼ ትችዪዋለሽ? ለሌሎቹም አስተምሪያቸው እንጂ።»

እንዲህ ብለው ነው ሥራ የሰጡኝ። በወሩ ፎቶ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ፣ መንዙማ የምትቀዳ ልጅ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን መዝሙር የምትቀርጽ ልጅ፣ ሁለት ባለትዳሮች መጡ። ወልቂጤ ደግሞ ጓደኛዬ የራሷን ሰበሰበች። የምናውቀው ማኅበር ዕቁብ ስለሆነ በዕቁብ ሥርዓት ሄድን፤ በየሳምንቱ ዕጣ የወጣላት ቤት እንሰበሰባለን። የዕቁባችን ሕግ አንድ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ያወቀችውን አዲስ ነገር ለሌሎቹ ሳታሳይ ምሳ የምትቀምስ የለችም። ርሃብ ያላስተማረን ነገር የለም። መንዙማ የምትቀዳዋና መዝሙር የምትቀርጸዋ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ የሌላዋን ድምፅ እያጠራች ተማሩ። ሁለቱን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

መናኸሪያው ፊት ለፊት ግን ወሬ ተነሳ። «ነጻ የሚሰጥ ነገር ውስጥ ሰላይ አለ» ይባል ጀመር። ወሬው እግር አውጥቶ፣ የወልቂጤዎቹ ሴቶች በዝተው ቤት ሲጠባቸው እዚያው የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ክፍል ልንጠይቅ ስንሄድ ቀድሞን ደርሶ ጠበቀን። ኃላፊው የጉመር ሰው ነው፤ ትሑት፣ ግን በዚያ ዘመን ሁሉም ኃላፊ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀኝ።

«ይህን ነገር በነጻ የሚሰጠው ማነው? ከጀርባው ምን አለ?»

ጓደኛዬ ስለ ፈቃዱና ስለ ምንጭ ኮዱ ማብራራት ጀመረች። የሰውየው ዓይን ሲከብድ አየሁና አቋረጥኳት።

«ጌታዬ፣ የእናንተ ሰፈር ጀፎረው የማን ነው?»

ጀፎረ ማለት ሰባት ቤት ጉራጌ ሰፈር ውስጥ በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ መንገድ ነው። ለቅሶውም ሰርጉም ጨዋታውም እዚያ ነው።

«የማንም አይደለም» አለ። «የሁላችን ነው።»

«አንድ ሰው ቢያጥረው?»

«ማን አባቱ ያጥረዋል!» ብሎ ከወንበሩ ሊነሳ ደረሰ። ከዚያ ራሱ ምን እንዳለ ሰማና ሳቀ። ማኅተሙን እየፈለገ «አንድ ለአምስት ግን መደራጀት አለባችሁ» አለን። ተደራጀን። በአምስት አምስት ስንቆጠር አንዲት ሴት ተረፈች፤ እሷን ሊቀመንበር አደረግናት።

እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ። ሁለቱም ከተሞች ውስጥ በሴቶቹ ክፍል የሚቀርጹት የኛ ሴቶች ሆኑ፤ ሲቀርጹም፣ ኤዲት ሲያደርጉም፣ ማሽናቸው ሲታመምም የማንንም ደጅ አይጠኑም። አንዷ ያልቻለችውን ሌላዋ ቤቷ ድረስ ሄዳ ታሳያታለች። እኔ ሲፒዩ ባጃጅ ላይ መጫን ረሳሁ።

አንድ ቀን፣ የአረፋ ሰሞን፣ ከተማው ከአዲስ አበባ በመጣው ሰው ተጨናንቆ፣ ዕቁቡ እኔ ቤት ነበር። በር ተንኳኳ። ስከፍት ባጃጅ ቆሟል፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሰውዬ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ወረደ። ጸጉሩ ሸብቷል። ምን እንደታቀፈ ሳይነግረኝ አወቅሁ።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለ፤ ልማዱ እኔን በቀልድ ነበር የሚጀምረኝ።

የበኩር ልጁ ተድራለች። እኛን መጥራት ኮርቶ ነው መሰለኝ፣ የሴቶቹን ክፍል ሚስቱ ራሷ ቀርጻዋለች። ኤዲት እያደረገች ሳለ ክራኩ ሞተ፤ አዲሱን ክራክ ሲጭን ደግሞ ቫይረስ ይዞበት ገባና ማሽኑ እስከነጭራሹ አልነሳም አለ። አዲስ አበባ አንድ የሚጠግን ሰው አለ፤ ደውሎለት ነበር።

«ምን አለህ?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «ይደር አለኝ።»

እውነቱን ልናገር፤ ይህችን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንደተጫወትኩባት አልደብቅም። በእርሳስ ሣላት ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እሱ ግን ብርድ ልብሱን ጠበቅ አድርጎ ያዘና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ አለች እዚህ ውስጥ» አለኝ። «እህቶቼ አሉ፣ እናቴም አለች። እባክሽ እህቴ፣ ከእጅሽ እንዳይወጣ።»

ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ጠረጴዛውን ባዶ ማድረግ ጀመሩ።

«እኔ እጅ አይገባም» አልኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁና ቶሎ ቀጠልኩ። «እኛ ቤት ምንም ነገር አያድርም። ሚስትህን ጥራት። ራሷ ትቀመጥበታለች፤ እኛ አጠገቧ ነን።»

ሚስቱ መጣች። ሴቶቹ ማሽኑን አጽድተው ነጻውን ፕሮግራም ጫኑላት፤ ጥሬው ቪዲዮ ምንም አልሆነም። እሱ ደጃፉ ላይ በርጩማ ተሰጥቶት ተቀመጠ፤ ዕድሜ ልኩን የሰው ማሽን ሲከፍት የኖረ ሰው የራሱን ማሽን ከውጭ ሆኖ ጠበቀ። በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ «ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል። «ሥራ ላይ ናቸው» ይላል።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ እናቱ የሚጨፍሩበትን ቦታ አገኘች መሰለኝ፣ ከውስጥ እልልታው ቀለጠ። ብድግ አለና ጫማውን አውልቆ መጋረጃው ጋ ደረሰ። እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ሳይነካው ቆመ።

«ልግባ?» አለ።

«አትግባ!» አለችው ሚስቱ ከውስጥ። «ገና አልጨረስኩም።»

እየሳቀ ተመልሶ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።